የተሸለሙትን አትንኩ

ልጆቹ «እትዬ አትንኩ» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ እንደማታውቅ ትሆናለች። የሕፃናትና የወጣቶች ንባብ ክፍል ኃላፊ ከሆነች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ከአፏ የወጣው ቢቆጠር «ደህና አደራችሁ» ከሚለው ይልቅ «አትንኩ» የሚለው በሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሦስቱ ግድግዳዎች ክፍት መደርደሪያ ቆሟል፤ እዚያ ያሉት መጻሕፍት ጀርባቸው የተላጠ፣ ገጻቸው የረገፈ፣ ልጅ ያሻውን የሚያደርጋቸው ምስኪኖች ናቸው። አራተኛው ግድግዳ ጋ ግን ባለ መስታወቱ ቁም ሣጥን አለ። ውስጡ ስልሳ ሦስት መጻሕፍት፣ ሽፋናቸው ላይ ወርቃማ ክብ ተለጥፎባቸው፣ እንደ ሙሽራ ተኮፍሰው ተቀምጠዋል። የዓመቱ ምርጥ የልጆች መጽሐፍ የተባለ አለ፤ የዓመቱ ምርጥ የወጣቶች መጽሐፍ የተባለ አለ፤ ዳኞች ያመሰገኑት አለ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ላሉ የተመረጠ አለ። ሽልማቱን የሚሰጠው ድርጅት አሸናፊዎቹን በየዓመቱ በነጻ ይልካል፤ እትዬ አትንኩ በላስቲክ ትለብጣለች፣ ትደረድራለች፣ ትቆልፋለች።

«ለምን አይዋሱም?» የሚላት ካለ መልሷ አንድ ነው። «የተሸለመ ነገር ይታያል እንጂ ይነካል እንዴ? ዋንጫ ያገኘ ሰው በዋንጫው ውኃ ይጠጣበታል?»

ይህን ስትል ግን አንድ ነገር ትደብቃለች። በየቀኑ፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ፣ በሩን ከውስጥ ትቀረቅራለች። እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ትታጠባለች። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ታነጥፋለች። ከዚያ ከስልሳ ሦስቱ አንዱን አውጥታ ታነባለች። ሁሉንም ጨርሳ፣ አንዳንዶቹን አራትና አምስት ጊዜ ደግማለች። ለጠፋች ድመት አልቅሳለች። የፍቅር ደብዳቤው ተሳስቶ አክስቱ እጅ በገባበት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆዷን ይዛ ስቃለች። ግን ለማን ታውራው? የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴትዮ መንገድ ላይ ሰው አስቁማ «ድመቷ እኮ ተገኘች!» ትበል?

ሰኞ ጠዋት ከሽልማቱ ድርጅት ደብዳቤ መጣ። «የላክናቸው ተሸላሚ መጻሕፍት ያሉበትን ሁኔታ ሐሙስ ጠዋት በአካል ተገኝተን እናያለን» ይላል። እትዬ አትንኩ እዚህች ላይ ስትደርስ ፊቷ በራ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ቀን መጣ! ደብዳቤውን አስቀመጠችና ጨርቅና ብሩሽ አውጥታ መወልወል ጀመረች።

ረዳቷ ደብዳቤውን አንሥታ አነበበችው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች አራት ወሯ ነው፤ ሁሉም ሰው «አዲሷ» ይላታል።

«እትዬ፣ ሁለተኛውን መስመር አንብበውታል?»

«ምን ይላል?»

«ሳይነበቡ የተቀመጡት ተነሥተው ለሌላ ቤተ መጻሕፍት ይሰጣሉ ይላል።»

ብሩሹ አየር ላይ ቀረ። አዲሷ ከሣጥኑ አንድ መጽሐፍ ሳበችና ከኋላ ሽፋኑ ኪስ የውሰት ካርዱን አወጣች። ተዋሹ የሚፈርምበት፣ ቀን የሚጻፍበት አሥራ ስድስት መስመር አለው። አሥራ ስድስቱም ባዶ ናቸው። ሌላ አወጣች፤ ባዶ። ሌላ፤ ባዶ።

«ስልሳ ሦስት ካርድ፣ አንድ ፊርማ የለም» አለች።

«ንጹሕ ነዋ!»

«ንጽሕናው እኮ ነው ወንጀሉ!»

እትዬ አትንኩ በእጇ ወንበር ፈለገችና ተቀመጠች። ስልሳ ሦስቱ ሊሄዱባት ነው። ድመቷም፣ የአክስትየዋ ደብዳቤም፣ ሁሉም በካርቶን ታሽገው ወደማታውቀው ሰው ክፍል። ምሳ ሰዓቷን አሰበችው።

«ዛሬውኑ ከፍተን ለልጆቹ እናውሳቸው» አለች አዲሷ። «ሦስት ቀን አለን።»

«በሦስት ቀን? አንብበው ሳይሆን በልተው ነው የሚመልሱልሽ!»

«እና ምን ይሻላል?»

እትዬ አትንኩ ጥቂት አሰበች። በሕይወቷ ሙሉ ያልዋሸች ሴት ናት፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ውሸቷ ትልቅ ሆነ። «የተነበቡ እናስመስላቸዋለን» አለች።

አዲሷ አራት ዓመት የተማረችው የተቀደደ መጽሐፍ መጠገን ነው፤ ደህናውን ማበላሸት በየትኛውም ኮርስ አልነበረም። ግን አማራጭ አልነበራትም።

ማክሰኞ ሥራ ተጀመረ። እትዬ አትንኩ ብዙም የማትወደውን መጽሐፍ መረጠች። ዓይኗን ጨፍና፣ መርፌ እንደሚወጋ ሰው ጥርሷን ነክሳ፣ የአንዱን ገጽ ጫፍ አጠፈች። ዓይኗን ስትገልጥ አንጀቷ አልቻለም፤ በጥፍሯ መልሳ አቃናችው። ቀጥሎ ሻይ መጣ። በማንኪያ አንዲት ጠብታ ጣል አደረገችና፣ ጠብታዋ ወረቀቱን ሳትነካ በሶፍት ቀለበቻት። እስከ ማታ ሦስት መጽሐፍ «አስረጁ»።

አዲሷ አንዱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። «ይሄን ያነበበው ልጅ ነው ወይስ የቀዶ ሕክምና ሐኪም?»

በሩ ላይ ቆሞ የሚያይ አንድ ሰው ነበር፤ የሕንፃው ዘበኛ። ነገር ሁሉ ከእሱ አያልፍም። «እመቤት፣ ሁሉም ሥራ ባለሙያ አለው» አለ። «እኔ ቤት አንዲት የልጅ ልጅ አለች። ትምህርት ከተዘጋ ሳምንቱ ነው፤ አዲስ ሶፋ አስረጅታ ጨርሳ ወደ ፍራሹ ዞራለች። ጓደኞችም አሏት። ላምጣቸው?»

«ጋሼ፣ በሞቴ!» አለች እትዬ አትንኩ። አምጡ ይሁን አታምጡ ሳትለይ ቀረች። እሱ አምጡ ብሎ ወሰደው።

ረቡዕ ከሰዓት ሰባት ልጆች መጡ። ከፊት የዘበኛው የልጅ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሰፈሩ «ጥያቄ» ብሎ ይጠራታል። ከኋላዋ አሥራ አራት ዓመት የሞላውና የከንፈሩ ጠጉር ገና ማስፈራራት የጀመረው «ረጅሙ»፣ ከእሱ ኋላ የስምንት ዓመቱ «ብስኩት»፤ ከእጁ ብስኩት ተለይቶ አያውቅም። የቀሩት አራቱ እነዚህ ያደረጉትን የሚያደርጉ ናቸው።

ሣጥኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እትዬ አትንኩ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ልጆች፣ ዛሬ . . .» ቃሉ እንደ አሣ አጥንት ተሰነቀረባት።

አዲሷ ጨረሰችላት። «ዛሬ መንካት ይቻላል። እንዲያውም ትንሽ ማበላሸት ይቻላል።»

ማንም አልተነቃነቀም።

«ወጥመድ ነው» አለ ረጅሙ።

«ማበላሸት ሲባል ሽፋኑን ነው ገጹን?» አለች ጥያቄ። «የሚፈስ ነገር ይፈቀዳል? ከተፈቀደ የሚፈሰውን ከቤት ነው የምናመጣው ወይስ እናንተ ትሰጡናላችሁ? በኋላ ወላጅ አምጡ ቢባል ተጠያቂው ማነው?»

«መጠነኛ ይሁን» አለች እትዬ አትንኩ፣ ሐዘን ቤት እንደተቀመጠ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ልጅ ወዶ ያነበበው ያህል።»

ከዚያ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆመች። ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ የገበያ ነበር። ጀርባ ሲሰነጠቅ፣ ገጽ ሲርገበገብ፣ አንድ ሰው መጽሐፍ ላይ ተቀምጦ ሲዘል። በእያንዳንዱ ድምፅ ትከሻዋ ይሸማቀቃል። ዘበኛው አጠገቧ ቆሞ «ይኼ ሽፋን ነው፤ ይኼ ደግሞ የፈሰሰ ሻይ ነው» እያለ ይተረጉምላታል።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ድምፁ ጠፋ።

«ሞቱ?» አለች እትዬ አትንኩ።

በሩን ገፋ አድርጋ አየች። ሰባቱም ወለሉ ላይ ተበትነዋል። ረጅሙ በሆዱ ተኝቷል። ጥያቄ ግድግዳውን ተደግፋ ጥፍሯን ትበላለች። ይነበባል። አዲሷ መሀላቸው ቆማ እጇን እያራገበች ትጮኻለች፤ «አታንብቡ! ኧረ ሰዓት የለንም! አንብቡ አልኳችሁ እንዴ? አንተ፣ ገልብጥ! ጫፉን እጠፍና እለፍ!»

«ሽሽ!» አሏት ሁለት ልጆች ባንድ ላይ።

ዘበኛው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

የቤተ መጻሕፍቱ መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ ጥያቄ ድንገት ብድግ አለች። ስታነብ የዋለችው የትምህርት ቤት ደወል የተሰረቀበትን መጽሐፍ ነው፤ ሦስት ተማሪዎች ሌባውን ይፈልጋሉ። ተጠርጣሪዎቹ የሒሳብ መምህሩ፣ የካፌዋ ሴትዮና ደወል መቺው ሽማግሌ ናቸው።

«የመጨረሻው ገጽ የታለ? ማን ነው የቀደደው?»

«እኔ» አለ ብስኩት በኩራት። «የተነበበ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ የለውማ። እዚያ መደርደሪያ ላይ ሂጂና እዪ፤ አንዱም የለውም።»

እውነቱን ነበር።

«የት አደረግኸው?»

«አውሮፕላን ሠራሁትና በመስኮት ለቀቅሁት። አሪፍ በረረ! ሚኒባስ ላይ አረፈና አብሯት ሄደ።»

ጥያቄ ልታንቀው ስትል ረጅሙ መሀል ገባ። «የሒሳብ መምህሩ ነው የሰረቀው፤ ምን ያጣላችኋል?» አለ። «ካፌዋ ናት!» አለ ሌላው። ጥያቄ ወደ እትዬ አትንኩ ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎ ያውቃሉ?»

እትዬ አትንኩ ያንን ገጽ በቃሏ ታውቀዋለች። ግን አውቃለሁ ብትል ከየት አወቁ ይከተላል። «እኔ ምን አውቄ?» አለች። ጆሮዋ እንደ ፍም ቀላ።

ልጆቹ ሲወጡ አዲሷ ተቀምጣ ካርዶቹን ሞላች፤ ያልነበሩ ተዋሾች፣ ያልነበሩ ፊርማዎች፣ እንደመጣላት የተጻፈ ቀን። በመጨረሻ እጇ ዛለና አርባውን እንደሞላች «በቃ፣ ሌላው ይቅር» ብላ ተወችው።

ሐሙስ ጠዋት ተቆጣጣሪው መጣ። ቀጭን፣ ትሑት፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። አንድ መጽሐፍ አነሣ። ገለጠው። አሸተተው።

«ሻይ» አለ። «የትናንት ሻይ። የቆየ ሻይ እንዲህ አይጣበቅም፤ እኔም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው ያረጀሁት።» ካርዶቹን ዘረጋ። «አርባ ተዋሽ፣ አንድ እስክሪብቶ። ደግሞ አሥራ አንዱ የተዋሱት እሑድ ነው። እሑድ ትሠራላችሁ?»

«እኔ እሠራለሁ» አለ ዘበኛው ከበሩ።

ማንም አልሳቀለትም። እትዬ አትንኩ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በዚያው ቅጽበት ሰባቱ ልጆች ደረጃውን እያናጉ ገቡ፤ ጥያቄ ከፊት። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ዓይኗ ያስታውቃል።

«ጋሼ፣ የሽልማቱ ሰው እርስዎ ነዎት? ደወሉን ማን ነው የሰረቀው?»

«የምን ደወል?»

«የሸለማችሁትን መጽሐፍ አላነበቡትም?»

ተቆጣጣሪው መነጽሩን አውልቆ መወልወል ያዘ። «የእኔ ሥራ እንኳ ካርዱን ማየት ነው . . .»

«አልኳችሁ እኮ!» አለ ረጅሙ። «እሱም አያውቅም። የሒሳብ መምህሩ ነው፤ አለቀ። መምህሩ ሲያዩት ያስታውቃል፤ ሌባ ነው።»

እትዬ አትንኩ ብዙ ነገር ትችላለች። በገዛ ክፍሏ መጽሐፍ ሲቀደድ ችላለች። ይህን ግን አልቻለችም።

«ማን? የሒሳብ መምህሩ?» ብላ ጮኸች። «ያ ምስኪን? ዝናብ ላይ ቆሞ ለተማሪው ጃንጥላ የያዘው ሰውዬ? እንዴት አፍህ ቻለ! ደወሉን የደበቀው ደወል መቺው ራሱ ነው! በኤሌክትሪክ ሊቀይሩበት ነዋ! ሠላሳ ዓመት የመታውን ደወል ለብረት ሻጭ ሊሰጡበት ነዋ! አልጋው ሥር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ . . .»

አፏን በእጇ ያዘች። አምልጧታል።

«አንብበውታል» አለች ጥያቄ ቀስ ብላ።

እትዬ አትንኩ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ሌሎቹንስ?»

«ሁሉንም።»

«እኛን አትንኩ እያሉ?»

ብስኩት እንኳ ማኘኩን አቆመ።

ተቆጣጣሪው ቅጹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እንግዲህ አንድ አንባቢ አለ ማለት ነው። ስልሳ ሦስቱንም ያነበበ። እንዲህ ያለ ሰው በሥራ ዘመኔ ገጥሞኝ አያውቅም። ችግሩ፣ የአንባቢ ዕድሜ ከስምንት እስከ አሥራ ስድስት ነው የሚለው። ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ሃምሳ ስምንት።»

«ሃምሳዋን ብንተዋትስ?» አለች አዲሷ።

«አይቻልም።» ሰውዬው ሰዓቱን አየ። «ደንቡ ግልጽ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያገኘሁትን አነሣለሁ። በአንባቢ እጅ ያለውን ግን መንካት አልችልም። ሹፌሬ ካርቶን ይዞ እስኪመለስ ግማሽ ሰዓት አለኝ፤ ወርጄ ሻይ ልጠጣ፤ የትናንት ያልሆነ።»

ይህን ያለው ሆን ብሎ ይሁን እንዲያው አምልጦት፣ ዘበኛውና አዲሷ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

በሩ ሲዘጋ አዲሷ ዘለለች። «እትዬ! በአንባቢ እጅ ያለውን አልነካም ብሏል! ሰባት ልጆች፣ ዘጠኝ ዘጠኝ መጽሐፍ!»

እትዬ አትንኩ ወደ ልጆቹ እጆች አየች። አሥራ አራት እጅ። አንዱ ላይ ማስቲካ፣ አንዱ ላይ የብስክሌት ቅባት፣ አንዱ ላይ ለይታ ልታውቀው ያልፈለገችው ነገር።

«መጀመሪያ ታጠቡ» አለች በደከመ ድምፅ።

«ውኃ ከጠዋት ጀምሮ የለም» አለ ዘበኛው።

ግድግዳው ላይ «ለአንድ ተዋሽ 2 መጽሐፍ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ አለ፤ በራሷ እጅ የጻፈችው። እስክሪብቶ አነሣች፤ ሁለቷን ሰርዛ ዘጠኝ አደረገቻት።

አዲሷ መጻሕፍቱን እንደ ጡብ በዘጠኝ በዘጠኝ ትቆልል ጀመር።

«ቆይ! ምን እያደረግሽ ነው?» አለች እትዬ አትንኩ። «እንዲህ አይሰጥም! ይሄ ለብስኩት አይሆንም፤ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ አያትየው ይሞታሉ። አንተ ና፣ ይሄን ውሰድ፤ የሚያወራ ባቡር አለበት። አንተ ረጅሙ፣ ይሄ ስለ አንድ የፍቅር ደብዳቤ ነው።»

«የፍቅር አላነብም» አለ ረጅሙ።

«አክስቱ እጅ ገብቶ ነው።»

«ስጡኝ።»

«እትዬ፣ ሃያ ደቂቃ!»

«ያዢው ሰዓቱን! ጥያቄ፣ አንቺ የመርማሪ ታሪክ ብቻ ካነበብሽ ሰውን ሁሉ ትጠረጥሪያለሽ። ይሄን ያዢ፤ ስለ ዋናተኛዋ ልጅ ነው። ሦስተኛ ወጥቶ ነው፤ ዳኞቹ ተሳስተዋል፤ አንደኛ ነው መውጣት የነበረበት። ስድስተኛው ምዕራፍ ይጎተታል፤ ታገሺው። አንተ ደግሞ ቅባቱን ሱሪህ ላይ ጥረግ . . . መጽሐፉ ላይ አላልኩም!»

አሥራ አንድ ዓመት የታፈነ ወሬ ባንዴ ፈነዳ። አዲሷ ካርድ ታስፈርማለች፤ እትዬ አትንኩ ታወራለች። ብስኩት ዘጠኙን መያዝ አቅቶት በሹራቡ ቋጠራቸው። ተቆጣጣሪው ከሹፌሩና ከባዶ ካርቶኖቹ ጋር ሲገባ የመጨረሻው ልጅ ደረጃውን እየወረደ ነበር። ሰውዬው ባዶውን ሣጥን ከላይ እስከ ታች አየ፤ ስልሳ ሦስቱን ካርዶች ቆጠረ፤ የዛሬ ቀን፣ ሰባት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፣ አንዱ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ። ቅጹ ላይ «ሁሉም በውሰት ላይ» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

«ለመጪው ዓመት የሚላከው ሰባት ነው» አለ ሲወጣ። «ሣጥን አያስፈልገውም ብዬ ልጻፍ?»

«ይጻፉ» አለች እትዬ አትንኩ። ወዲያው «ግን ላስቲክ ይላኩልን» አለች።

ሐሙስን፣ ዓርብን፣ ቅዳሜን እንደ ምጥ አሳለፈቻቸው። እሑድ ሕልሟ ውስጥ ስልሳ ሦስቱም ባሕር ላይ ሲንሳፈፉ አየች።

ሰኞ፣ በሩ እንደተከፈተ፣ ጥያቄ አራት መጽሐፍ ታቅፋ መጣች። እትዬ አትንኩ ተቀብላ አገላበጠቻቸው። የአንዱ ሽፋን ተጨማድዷል። አንዱ ውኃ ጠጥቷል። ልትናገር አፏን ስትከፍት ጥያቄ ቀደመቻት።

«ዋናተኛዋ ለምን አልዘለለችም?»

«እ?»

«ዓመት ሙሉ ተለማመደች። ሁለት መቶ ገጽ ጠበቅኳት። ውድድሩ ቀን ገንዳው ጫፍ ላይ ቆመችና ተመልሳ ሄደች! ይሄ ነው የተሸለመው? ዳኞቹ ምን ነክቷቸው ነው? እርስዎስ ቢሆኑ፣ አንደኛ መውጣት ነበረበት ያሉት እንዴት ነው?»

«መመለሷ እኮ ነው ትልቁ ነገር!»

«ፈሪ ስለሆነች ነው።»

«ፈሪ? እሷ ፈሪ? ገጽ መቶ አርባን ዘለሽዋል ማለት ነው!»

«አልዘለልኩም! ከመቶ አርባ በኋላማ ጭራሽ ባሰባት!»

«ቁጭ በይ» አለች እትዬ አትንኩ፣ በእግሯ ወንበር እየሳበች። «ቁጭ በይና አውጪው። አባቷ ምን እንዳላት ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፤ ከዚያ ፈሪ በያት እስቲ!»

«አባቷማ ዋናው ጥፋተኛ ነው!»

«አባቷ? በፈጣሪ! አባቷን ተይልኝ!»

ረጅሙና ብስኩት መጽሐፍ ሊመልሱ ከኋላ ተሰልፈዋል። «ይቆያሉ?» አለ ረጅሙ።

አዲሷ ሁለቱን አየቻቸው፤ እትዬ አትንኩ መጽሐፉን ከልጅቱ እጅ ቀምታ፣ ጣቷን በምራቋ አርሳ፣ ገጹን እየፈለገች ነው።

«ወንበር ፈልጉ» አለቻቸው።